ዋና የማይችለው አዞ

ሚስ ኤርሊን ለመጨነቅ ምክንያት አጥተው አያውቁም። ዝናብ ከጣለ የልጅ ልጃቸው ትሬ በእርጥብ መንገድ መኪና ሊነዳ ነው፤ ካልጣለ ደግሞ በዚያ በአላባማ ፀሐይ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ነው። ሜዳ ላይ ሲዘል ጉልበቱ፣ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ፤ ቁጭ ካለ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የተቀመጠው? ልጁ ጎልምሶ የበሩን ጉበን በራሱ ሊነካ ምንም አልቀረው፣ እሳቸው ግን ከቤት ሲወጣ አሁንም የሸሚዙን ቁልፍ ያዩለታል።

ልባቸው የሚያርፈው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በትምህርቱ። ትሬ የሳሎው ክሪክ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን ተጫዋች ነው። ቡድኑን የከተማው ሰው ሁሉ «አዞዎቹ» ነው የሚለው። እናቱ ወታደር ሆና ከአገር አገር ስትዞር ያሳደጉት ሚስ ኤርሊን ናቸው። ማታ ማታ እራት ቀርቦ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ይሉታል፤ ሳይመልስ ማንኪያ አይነሣም። ልጁም ከረሃቡ የተነሣ ጎበዝ ተማሪ ወጣው።

ስለዚህ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አሰልጣኝ ሆብስ ባርኔጣውን ከመንገድ ጀምሮ አውልቆ ሲመጣ ባዩ ጊዜ ነገሩ የትምህርት ነው ብለው አልጠረጠሩም። በር ላይ ባርኔጣውን የሚያወልቅ ሰው ጨዋ ነው፤ ከመንገድ ጀምሮ ያወለቀ ግን መርዶ ይዟል።

«ማን ሞተ?» አሉት።

«ማንም አልሞተም፣ ሚስ ኤርሊን።»

«እንግዲያው ተቀመጥና ብላ።»

ተቀመጠ። ጠረጴዛው ዙሪያ ትሬ አለ፣ የሚስ ኤርሊን የመጨረሻ ልጅ ሎኒም አለ። ሎኒ የትሬ አጎት ነው፤ እሱም በጊዜው ለአዞዎቹ የተጫወተ፣ ቆሞ ሲሄድ የመንገድ መብራት የሚመስል፣ አሁን በዋናው መንገድ ላይ ፀጉር ቤት ያለው ሰው ነው። አሰልጣኙ የተጠበሰውን ዶሮ በላ፣ ባሚያውን በላ፣ ጨምር ሲሉት ግን በቃኝ አለ። ሆብስ በቃኝ ሲል ተሰምቶ ስለማያውቅ ሚስ ኤርሊን ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ተቀጣን» አለ አሰልጣኙ። «ቡድኑ ተቀጣ።»

«ማንን መታችሁ?»

«ማንንም አልመታንም። በትምህርት ውጤት ነው። እያንዳንዱ ልጅ በየወሰነ ትምህርቱ ለቡድኑ ሁለት ነጥብ ያመጣል፤ አንዱ በትምህርቱ ስላልወደቀ፣ አንዱ ኮሌጁን ጥሎ ስላልሄደ። የሁሉም ነጥብ አንድ ድስት ውስጥ ይገባል። ድስቱ ከመስመሩ ከጎደለ የሚቀጣው ሁሉም ነው። ልምምድ ይቀነስብናል፤ በመጋቢት ወደሚደረገው ትልቁ ውድድርም አንሄድም።»

ሚስ ኤርሊን ወደ ትሬ ዞሩ። «ምን አጎደልክ?»

«ትሬማ ምንም አላጎደለም» አለ ሆብስ ቶሎ ብሎ። «ያ ረጅሙ ልጅ ነው። ፈተናውን ትቶ ፍቅረኛውን ተከትሎ ሜምፊስ ገባ። ሁለቱንም ነጥብ ይዞብን ሄደ።»

«ያ እዚህ ቁጭ ብሎ የስኳር ድንች ኬኬን የጨረሰው?»

«እሱው።»

«አፉን ሲጠርግ ነበር የጠረጠርኩት። እንግዲህ በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል ማለት ይኸው ነው። የእኔ ልጅ እየተራበ የተማረው ለሌላ ሰው ፍቅር ነው?» ትሬ የመጨረሻ ዓመቱ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አዞዎቹ እዚያ ውድድር በር ላይ እየደረሱ ሲመለሱ አይተዋል፤ ዘንድሮ ግን እንኳን ሰዉ፣ ጋዜጣውም አምኖባቸው ነበር። «ስንት ነው የጎደለው?»

«አንዲት ነጥብ።»

«አንዲት ነጥብ ከየትም ትመጣለች።»

«እሱን ልነግርዎ ነው የመጣሁት» አለ ሆብስ፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ማሽከርከር ጀመረ። «አንድ መንገድ አለ። ድሮ ተጫውቶ ሳይመረቅ የቀረ ሰው ተመልሶ ትምህርቱን ቢጨርስ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይታሰባል። ነሐሴ ሳያልቅ ከጨረሰ ቅጣቱ ይነሣል።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሄደህ ፈልገዋ። ሎኒን ጠይቀው፤ ከእሱ ጋር የተጫወቱትን ሁሉ ያውቃል።»

ትሬ ሳህኑ ውስጥ ያለውን ባሚያ ወዲያና ወዲህ መደርደር ያዘ። ሎኒ «በረዶ ላምጣ» ብሎ ተነሣ፤ በረዶው ግን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አሰልጣኙ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አየ፣ መልሶም ባርኔጣውን አየ። ፎቶው ላይ ሎኒ የምረቃ ካባ ለብሶ፣ ባለ ዘርፉን ቆብ አጋድሞ ይስቃል፤ አጠገቡ ሚስ ኤርሊን ሐምራዊ ባርኔጣ አድርገው ያለቅሳሉ።

«ሎኒማ ተመርቋል» አሉ ሚስ ኤርሊን። «ትንሽ ዘግይቷል፣ ግን ተመርቋል።»

ማቀዝቀዣው ውስጥ በረዶ ተንኳኳ።

«ሎኒ። በረዶውን ተወውና ወዲህ ና።»

ሎኒ ከማቀዝቀዣው ኋላ ሳይወጣ ተናገረ። «እማዬ፣ ካባውንማ ትንሽ የጎደለበትንም ሰው ያለብሱታል። የቀረችውን በክረምት ይጨርሳል ብለው ነው። መድረክ ላይ የሰጡኝ ማኅደር ውስጥ ምንም አልነበረም።»

«ምን ጎድሎህ?»

«ዋና።»

ኮሌጁን የመሠረቱት ፓስተር በጎርፍ ዘመን ተማሪዎቻቸውን ያጡ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ያልዋኘ ዲግሪ አይወስድም ብለው ደነገጉ፤ ከሳቸው በኋላ የመጣ አስተዳዳሪ ሁሉ ደንቡን ሊሽር አልደፈረም። ሎኒ ሒሳቡን አልፏል፣ ታሪኩን አልፏል፣ ግጥም እንኳ አልፏል። የቀረው ውሃው ነው።

«እና ለምን አልዋኘህም? ስንት ዓመቱ ነው?»

«ማን ከልክሎኝ ነው የማልዋኘው?» አለ ሎኒ ቀስ ብሎ።

የከለከሉት ሚስ ኤርሊን ራሳቸው ናቸው። የአክስታቸውን ልጅ ወንዙ ከወሰደባቸው ጀምሮ ልጆቻቸውን ከውሃ ጠብቀው ነው ያሳደጉት። ዓሣ ሊያጠምዱ ሲሄዱ ቀበቷቸውን ከዛፍ ጋር ያስሩ ነበር። ሎኒ የተጠመቀ ቀን እንኳ ቤተ ክርስቲያኑ እስካሁን ያወራል። ፓስተሩ ልጁን ወደ ጥምቀቱ ገንዳ አስገብተው «አይዞሽ ኤርሊን፣ ይዤዋለሁ» ሲሉ፣ እሳቸው «እኔም ይዤዋለሁ» ብለው ከነባርኔጣቸው፣ ከነጫማቸው ገቡ። ልጁ በስመ አብ ተብሎ ሲጠልቅ ኮሌታው በእናቱ እጅ ነበር።

«ኬክ ላምጣ» አሉ ሚስ ኤርሊን፤ ተነሡ።

በማግስቱ ወሬው ፀጉር ቤት ደርሷል። ሎኒ በሩን ሳይከፍት ነው ደንበኛ ተሰልፎ የጠበቀው፤ ግማሹ ፀጉር የሌለው።

«አዞው፣ ዛሬ በውሃ ነው በደረቁ የምትላጨን?»

«በደረቁ ይሁን። ውሃ ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል።»

«እኔ ልጄን ከእሱ ጋር ወደ ገንዳው ልልከው ነው። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፤ እሱ ይጠብቀዋል።»

«ጆሮህ በእጄ ነው ያለው» አለ ሎኒ መቀሱን ይዞ። «አስበህ ተናገር።»

ይሁን እንጂ ሎኒ እንቢ አለ። ጢም ያወጣ ሰው ከሕፃናት ጋር ውሃ ውስጥ ሲንቦራጨቅ አልታይም፣ ሌላ የድሮ ተጫዋች ፈልጉ አለ። ሌላ ግን አልነበረም፤ የቀሩት ቢመለሱም ዓመት ሁለት ዓመት የሚፈጅ ትምህርት የጎደላቸው ናቸው። አንድ ክረምት የሚበቃው ሎኒ ብቻ ነው። ሚስ ኤርሊን ይህን ሲሰሙ «ወይ ጉድ፣ ያሳዝናል» አሉ፤ በሆዳቸው ግን ደግ አደረገ አሉ። ልጄ በደረቅ መሬት ላይ ይቆይልኝ፤ ነጥብ ሰው አይተካም።

ሆዳቸው ያረፈው እስከ ማታ ነው። ማታ ከጓሮ ኳስ ሲነጥር ሰሙ። ትሬ ከመኪና ቤቱ በር በላይ ወደተሰቀለው የዛገ ቅርጫት ብቻውን ይወረውራል፤ ያነሣል፤ ደግሞ ይወረውራል።

«ምን ታደርጋለህ? ውድድር የለም ብለዋችሁ የለም እንዴ?»

«ቅርጫቱ አልሰማማ፣ እማማ።»

«ና ግባ፣ ላብህ ይበርድብሃል።»

መጣና ደረጃው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ። ኳሱን በእግሮቹ መሐል አደረገው። ቢያማርር ይሻላቸው ነበር። «አጎቴን አታስጨንቁት» አለ። «ፈርቶ ነው። እኔም ብሆን እፈራለሁ። ደህና ነኝ እኮ፣ እማማ። ኳሱን ተጫውቻለሁ፣ ዲግሪውም አለ። ደህና ነኝ።»

ደህና ነኝን ሁለት ጊዜ ያለ ልጅ ደህና እንዳልሆነ የማያውቅ አሳዳጊ የለም። ሚስ ኤርሊን ያን ሌሊት ሲገላበጡ አደሩ። አንድ ጎን ሲተኙ ሎኒ ይሰጥማል፤ ሌላ ጎን ሲተኙ ትሬ ባዶ ጓሮ ውስጥ ኳስ ያነጥራል።

ጠዋት ሐምራዊውን ባርኔጣ አድርገው ፀጉር ቤት ገቡ። ሚስ ኤርሊን ሎኒ አንዱን ሊያስቀምጥበት ያዘጋጀው ወንበር ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

«እማዬ፣ ወረፋ አለ።»

«ፀጉር ልቆረጥ አልመጣሁም። ዋና ተማር።»

ሎኒ ማሽኑን አጠፋ። «ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ድገሚው። እነዚህ ሁሉ ምስክር ይሁኑልኝ፤ ኋላ አላልኩም እንዳትዪ።»

ሚስ ኤርሊን የባርኔጣቸውን ጠርዝ አስተካከሉ። ቃሉ ከጉሮሯቸው እንደ ዓሣ አጥንት ነው የወጣው። «ዋና ተማር አልኩ። ከሰጠምክ ግን እቤቴ እንዳትመጣ።»

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ሎኒም ሳቀ። ከዚያ በኋላ እንቢ ለማለት የቀረው ምክንያት ጢሙ ብቻ ነበር፤ እሱንም ተላጨው።

የኮሌጁን ገንዳ የምታስተዳድረው ሚስ ዴልፊን ናት። ከሚስ ኤርሊን ጋር አርባ ዓመት በአንድ መዘምራን የዘመሩ፣ አርባ ዓመት ማን ቀድሞ ድምፁን ከፍ እንዳደረገ የተጨቃጨቁ ናቸው። ክረምቱን ባዶ ያላት ሰዓት ከአሮጊቶቹ የውሃ ውስጥ ስፖርት ጋር ብቻ ነበርና ሎኒ በአበባ ቆብ በተሸፈኑ ራሶች መካከል እንደ ግንድ ተተክሎ ተማረ። አሮጊቶቹ ወደዱት። አንዷ ክንዱን፣ አንዷ ወገቡን ይዘው «አይዞህ የእኔ ልጅ፣ እግርህን ምታ» ይሉታል።

ሚስ ኤርሊንን ግን ዴልፊን በመጀመሪያው ቀን አስወጣቻቸው።

«አንቺ ኤርሊን፣ ወየው ባልሽ ቁጥር ልጁ አንድ ስንዝር ወደ ታች ይወርዳል። ውጪልኝ።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ባትዪም ፊትሽ ይላል።»

እንግዲህ ሁልጊዜ ጠዋት መኪና ማቆሚያው ላይ፣ መስኮቱን ከፍተው፣ የውሃውን ድምፅ እያዳመጡ ይጠብቃሉ። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ፎጣ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ፣ ትኩስ ሾርባ በፔርሙስ አለ፤ ጀልባ የሚታሰርበት ወፍራም ገመድም አለ። ገመዱን ስለ ገዙት ለማንም አልነገሩም።

የፈተናው ቀን የነሐሴ መጨረሻ ዓርብ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የክረምቱ ትምህርት ይዘጋል፤ ሌላ ፈተና የለም። አዞዎቹ በሙሉ አረንጓዴ ካኒቴራቸውን ለብሰው መጥተው ከገንዳው ዳር ተደርድረዋል። አሮጊቶቹም ቆባቸውን አላወለቁም። ሚስ ኤርሊን መኪና ውስጥ ሊቆዩ ቃል ገብተው ነበር። ቃላቸውን የጠበቁት የመሰናጃው ፊሽካ እስኪነፋ ነው።

በጎን በር ሲገቡ ዴልፊን ለሎኒ ደንቡን እየነገረችው ነበር። «ከዚህ እስከዚያ። እግርህ ወለል ከረገጠ ወድቀሃል፤ እጅህ አንድ ነገር ከያዘ ወድቀሃል። ደግሞ ክረምቱን ሙሉ በእግር ጣቶችህ ወለሉን እየረገጥክ እንደነበር የማላውቅ እንዳይመስልህ። ሌላው ሰው የሚሰጥምበት ያንተን ደረት ነው የሚነካው። የመጨረሻው በኩል ግን ላንተም ጥልቅ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ሚስ ዴልፊን።»

«ካወቅክ ሂድ።»

ሎኒ ሄደ። አዋዋኙ የሚያምር አልነበረም፤ ጠረጴዛ ተገልብጦ ጎርፍ ሲወስደው ይመስላል። ግን ይሄዳል። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ትሬ ብቻ አያጨበጭብም፤ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆሟል። ሎኒ ግማሹን አለፈ። ከዚያ የገንዳው ወለል ቀለሙ ወደሚጠቁርበት፣ ወደ ጥልቁ ሲደርስ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ታች ምንም እንደሌለ አየ። እጆቹ ዝም ብለው ውሃውን መምታት ጀመሩ። ወደፊትም ወደኋላም አልሄደም።

ዞር ሲል እናቱን አያቸው። ገመዱንም አየ።

«እማዬ» አለ፤ ውሃ ዋጥ አደረገ። «ጣይልኝ።»

ሚስ ኤርሊን እስከዚያች ሰዓት ገመዱ በእጃቸው እንዳለ ራሳቸውም አላስተዋሉም ነበር። ክንዳቸው ተነሣ። ቢወረውሩት ልጃቸው ይይዛል፤ በያዘም ጊዜ ነጥቧ ሄደች፣ የትሬም ዓመት ሄደ። ባይወረውሩት ያ ጥቁር ውሃ አለ። ዴልፊን ከሎኒ አጠገብ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክካለች፤ ልትዘልል ተዘጋጅታለች፤ ግን አልዘለለችም። አርባ ዓመት የሚያውቋት ሴት ናት። መዝሙር ትቀድም ይሆናል እንጂ ሰው አታሰጥምም። ይህን አሰቡ። ከዚያ ገመዱን እርጥቡ ወለል ላይ ጠቅልለው አስቀመጡና በላዩ ተቀመጡበት፤ ከነቀሚሳቸው፣ ከነባርኔጣቸው። ሁለት ባዶ እጃቸውንም ከፍ አድርገው አሳዩት።

«አልያዝኩህም፣ ሎኒ» አሉ። «ማንም አልያዘህም። አሮጊቶቹ እንዳሉህ እግርህን ምታ።»

አንድ አፍታ እናትና ልጅ ተያዩ። ሎኒ ፊቱን መልሶ ውሃው ውስጥ ከተተ። እግሩን መታ። አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። የአበባ ቆብ ያደረጉት ሁሉ ከዳር ሆነው አብረውት እግራቸውን ወለሉ ላይ ይመታሉ። ያ ረጅም ክንዱ ከውሃው ወጥቶ ሲዘረጋ ግድግዳው ከገመተው በላይ ቅርብ ነበር፤ መዳፉ ሲያርፍበት ጥፊ የመታ ይመስል ጮኸ።

ዴልፊን ፊሽካዋን ነፋች። አዞዎቹ ከነካኒቴራቸው፣ ከነጫማቸው ገንዳው ውስጥ ገቡ። አሰልጣኝ ሆብስ ብቻ ዳር ቀርቶ ባርኔጣውን ወረወረ፤ ባርኔጣው ተንሳፈፈ። ትሬ አጎቱን አንገቱን አቅፎ የሚለውን ሚስ ኤርሊን አልሰሙትም፤ ለመነሣት ሰው ይፈልጉ ነበር። ያነሣቻቸው ዴልፊን ናት።

«ሐምራዊ ቆብ አለኝ» አለቻቸው። «ሰኞ ጠዋት ነይ።»

«ቀለሙ ይለቃል?»

«አይለቅም።»

«አስብበታለሁ» አሉ፤ ወደ ሎኒም ዞረው «ራስህን አድርቅ፣ ብርድ ይመታሃል» ብለው በዚያ ሁሉ ሙቀት ብርድ ልብስ አለበሱት።

በክረምቱ ምረቃ ላይ ሎኒ ለሁለተኛ ጊዜ ካባ ለበሰ። ሚስ ኤርሊን ግን ልጃቸው ከመድረክ ሲወርድ ከመሳማቸው በፊት ማኅደሩን ተቀብለው ከፈቱት፤ መነጽራቸውን አድርገው ስሙን አነበቡ፤ በጣታቸውም ማኅተሙን ዳሰሱ። ከዚያ ነው የሳሙት። ነጥቧ ተቆጠረች፤ ቅጣቱ ተነሣ። አዞዎቹም ያን ዓመት ተጫውተው፣ አሸንፈው፣ በመጋቢት ወደ ውድድሩ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ደጃቸው ቆመ። ውድድሩ ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ነው።

«እማማ፣ ይህ ሻንጣ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከበደው?» አለ ትሬ ሲጭን።

«ኬክ ነው።»

«ኬክ እንዲህ አይከብድም። ገመድ ነው። ኳስ ልንጫወት እኮ ነው የምንሄደው።»

«ኳሱን አውቀዋለሁ። ድልድዩን ነው የማላውቀው።»

ድልድዩ እውነትም ረጅም ነበር፤ ግራም ቀኝም ውሃ። ከኋላ ወንበር ልጆቹ ይዘፍናሉ። ሎኒ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ቁልቁል ተመለከተና «ይህችንማ እዋኛታለሁ» አለ።

ሚስ ኤርሊን ኬኩን በአንድ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ደግፈው፣ በሌላው ኮሌታውን ያዙት።